ቀጭ የማይለው ሽጉጥ

በሕይወቱ አንድም ፍጡር ሳይገድል ከአሥራ ሁለት ሺህ ጊዜ በላይ የተኮሰ ሰው አውቃለሁ። ቁጥሩን ከሜዳ አላመጣሁትም። በክለባችን የሩጫ ሰዓት የምይዘው እኔ ስለነበርኩ፣ እሱ በተኮሰ ቁጥር እኔ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር እጽፍ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ተኮሰ፣ እኔ ጻፍኩ። ከሁለታችን የበለጠ ያጠፋው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ሰዉ ጋሽ ተዘጋጅ ይለዋል። አስጀማሪ ዳኛ ነው። ሯጮቹ መስመሩ ላይ ሲንበረከኩ «በየቦታችሁ» ይላል፤ ወገባቸውን ሲያነሱ «ተዘጋጅ» ይላል፤ ከዚያ ክንዱን ወደ ሰማይ እንደዘረጋ ይተኩሳል። ለማያውቀው ሰው ከሰማይ ጋር የቆየ ቂም ያለው ይመስላል። ጥይቱ እርሳስ የለውም፤ ድምፅና ጭስ ብቻ ነው። እኛ ሰዓት ያዦች ድምፁን አንጠብቅም፤ ድምፅ ይዘገያል። ጭሱን እናያለን፣ ሰዓቱን እንጫናለን።

መተዳደሪያው ግን ሚዛን ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ የሚዛን መርማሪ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። የነሐስ ክብደቶቹን በጨርቅ በተለበደ የእንጨት ሣጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ክብደቱን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና ይጠብቃል። መርፌው ፍጹም ካልቆመ አያነብም። በመንገድ የጭነት መኪና ካለፈና ወለሉ ከተርገበገበ፣ ክብደቱን አንሥቶ እንደገና ይጀምራል። ሥጋ ሻጩ ደንበኞቹ ተሰልፈው እያየ፣ «ጋሼ፣ መርፌው እኮ ቆሟል» ሲለው፣ «የደከመው ነው እንጂ የቆመ አይደለም» ብሎ መልሶለታል።

ለመወሰን የሚፈጅበትን ጊዜ ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ እንደ መቀሷ ነው። ሊያገባት መፈለጉን ከነገራት በኋላ ቀኑን እስኪቆርጥ አራት ዓመት አስጠብቋታል። «ተዘጋጂ አለኝና መተኮሱን ረሳው» ትላለች፣ እሱ እየሰማ። እሱም አይቆጣም። መርፌው አልቆመም ነበር፣ ሌላ ምን ይበል።

እንዲህ ላለ ሰው ነው እንግዲህ ሁለት ሽጉጥ አቅርበው ምረጥ ያሉት።

አሮጌውን ሽጉጥ የወረሰው ከእሱ በፊት ከነበረው አስጀማሪ ነው። ሪቮልቨር ነው፣ ስድስት ጥይት የሚጎርሰው ከበሮው በራሱ ዛቢያ የሚዞር። የዚህ ሽጉጥ ጠባይ፣ ምላጩን ብቻ ቢስቡት ምንም አያደርግም። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን መዶሻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ መወጠር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ቀጭ ይላል። ከዚያ ምላጩን ሲነኩት ይተኩሳል። ያ ሽማግሌ አስጀማሪ ሽጉጡን ሲያስረክበው አንድ ሕግ አብሮ ሰጠው። የተወጠረ ሽጉጥ ይዘህ ሰው ፊት አትቁም፤ «ተዘጋጅ» ካልክ በኋላ ወጥር፣ ሲረጋጉ ልቀቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የእኛም ሰው ይህን ሕግ ይዞ ቀረ። ከቀጭታው እስከ ተኩሱ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። አልፎ አልፎ ለጨዋታ ለክቼዋለሁ። በዝናብም በፀሐይም፣ ቢደሰትም ቢያዝንም፣ እህቱን በቀበረ ማግስትም አንድ ሰከንድ ተኩል ነበር።

ያቺ እህቱ አንዲት ልጅ ትታለት ሄዳለች። እሱና ባለቤቱ አሳደጓት፤ ሯጭም ሆነች። መቶ ሜትር ነው ሩጫዋ። በእኛ ሜዳ የሚቀድማት አልነበረም። ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ግን ሁለት ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ ከመነሻው የመጨረሻ ሆና ተነሥታ ተመልሳለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ የእኛ ከተማ ሯጭ ከቤቱ ሲወጣ እግሩ ይታሰራል። ምክንያቱን ሁሉም ያውቅ ነበር። አንዱ ውኃው ነው ይላል፣ አንዱ አውቶቡሱ ነው፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው። የከተማ ምሁር ነኝ ብዬ እኔም በበኩሌ ስለ ቤትና ስለ እንግድነት ረዘም ያለ ንድፈ ሐሳብ ነበረኝ። በዕድሜ ገደቡ ምክንያት የዘንድሮው ምርጫ ለልጅቷ የመጨረሻዋ ነው። ከስምንቱ ሁለት ያልፋሉ። ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

አሮጌው ሽጉጥ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የመዶሻው ሞላ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ክለቡ የስፖርት ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ላከው። ነጋዴው ሁለት አወጣለት። አንዱ እንደ አሮጌው በአውራ ጣት እየተወጠረ የሚተኮስ ነው። ሁለተኛው መወጠር አያስፈልገውም፤ ምላጩን በረጅሙ ሲስቡት መዶሻው ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ራሱ ይመለሳል። ነጋዴው የመጀመሪያውን ነጠላ፣ ሁለተኛውን ድርብ ይላቸዋል። ሰው ሁለት ሥራ የሚሠራበት ነጠላ፣ አንድ ሥራ የሚሠራበት ድርብ መባሉ ሰውዬውን አስጨነቀው። ስሙ የወጣው ለምላጩ እንጂ ለተኳሹ አይደለም ቢባልም ግማሽ ቀን ሱቁ ውስጥ ቆመ። በመጨረሻ ነጋዴው ሱቁን መዝጋት ሲኖርበት፣ ሁለቱንም ለዐሥር ቀን ፈርሞ እንዲወስዳቸው ለመነው።

«ባል ሁለት ሽጉጥ ይዞ ቤት ሲገባ ሚስት መፍራት አለባት» ብላ ነገረችኝ ባለቤቱ በማግስቱ። «እኔ ግን የፈራሁት ምርጫውን ነው። አሁን ይኼ ሰውዬ መቼ ሊተኛ ነው?»

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው የልብስ ስፌት መኪናዋ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዋና በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ኮቶች አሉ። በእነዚያ እጅጌ በሌላቸው ኮቶች ፊት ቆሞ ባዶ ሽጉጥ ሲስብ ሦስት ቀን ዋለ። በነሐስ ክብደቶቹ መዘናቸው፤ በዐሥራ ሁለት ግራም ድርቡ ይከብዳል። በአንድ ወረቀት መሐል መስመር አስምሮ የነጠላውን ምግባር በቀኝ፣ የድርቡን በግራ ጻፈ። ድርቡን አልወደደውም። ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፤ ጣቱ እየሳበ እየሳበ ይሄድና በየትኛው ነጥብ ላይ መዶሻው እንደሚወርድ አያውቀውም።

«ሳልወስን ይተኩሳል» አለኝ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

ሐሳብና ድርጊት በመካከላቸው በር ያለው ቤት እንዲሆኑ የሚፈልግ ሰው ነበር። ነጠላው ያን በር ይሰጠዋል፤ ቀጭ ሲል ሐሳቡ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ድርጊት ነው። በድርቡ ግን ማሰቡ የት ላይ አልቆ ማድረጉ የት ላይ እንደጀመረ አይለይም። እኔ በወጣትነቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተከራክሬያለሁ፤ በሽጉጥ ምላጭ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ያም ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቀኙ ሞልቶ ግራው ባዶ ነበርና፣ ነጠላውን ሊመርጥ ምንም አልቀረውም። ለሚዛናዊነት ብቻ፣ ሁለቱንም አንዴ በሜዳ ልሞክራቸው አለ።

ሐሙስ ከሰዓት ሄድን። ሰባት ሯጮች ነበሩ፣ የእህቱን ልጅ ጨምሮ። እኔ ሰዓቴን ይዤ መጨረሻው ላይ ቆምኩ። እሱ በድርቡ ጀመረ። በየቦታችሁ አለ። ተንበረከኩ። ተዘጋጅ አለ። ወገባቸው ተነሣ። ክንዱን ዘረጋ፣ ጣቱ ሳበ፣ ሳበ፣ ጧ። ጭሱን አየሁ፣ ሰዓቴን ተጫንኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ሰባቱም ወገባቸውን እንደሰቀሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ሰዓቴ እየቆጠረ፣ አራት ሰከንድ፣ አምስት፣ ስድስት። ወፎቹ ከአጥሩ ተነሥተው ሄደው መመለስ ጀምረዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ዘገየህ?» አለች የእህቱ ልጅ ቀና ሳትል።

«ተኩሻለሁ እኮ።»

«ሰምተናል።»

«ከሰማችሁ ለምን አትሮጡም?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ረጅም ልጅ ለሁሉም መለሰ፦ «ገና መስሎን።»

ደገመው። ተኩሱን ጠብቁ ብሎ አስጠነቀቃቸው፤ እሱኑ ነው የምንጠብቀው አሉት፣ ቅር ብሏቸው። ተኮሰ። ሁለቱ ተንገዳገዱ፣ አምስቱ ቀሩ። ከዚያ ነጠላውን አነሣ። ተዘጋጅ፣ ቀጭ፣ ጧ፤ ሰባቱም ከአፈሙዝ የወጡ ይመስል ተፈናጠሩ። ጭሱና የመጀመሪያው እግራቸው እኩል ሲነሣ አየሁ፤ ሰው ደግሞ ከሰማ በኋላ ለመነሣት ጥቂት ጊዜ ያስፈልገዋል። ሰምተው አልነበረም የተነሡት።

እሱም አይቶታል። ከነጠላው ውስጥ ጥይቶቹን አወጣ። ልጆቹን መስመር ላይ አስገብቶ ተዘጋጅ አለና ከዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ ሄደ። ከዚያ ሆኖ ቀጭ አደረገው። ምንም ሳይተኮስ ሰባቱም ሮጡ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሄደው ቆሙና ወደ ኋላ ዞሩ።

«ማን ተኮሰ?» አለ ረጅሙ።

«ማንም» አለ ጋሽ ተዘጋጅ ከቆርቆሮው ጀርባ ብቅ ብሎ።

አንድ የሩጫ መሰናክል ላይ ቁጭ አለ። ያን ቀን እዚያው መዝገቤን ገልጬ አብረን አየነው። ለካ የከተማችን ሯጭ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ገና ከልጅነቱ ጀምሮ የሚነሣው ከቀጭታው ቆጥሮ ነው። አንድ ሰከንድ ተኩል ስለማይዛነፍ፣ ከተኩሱ ጋር እኩል ይነሣል፤ እንግዳው ተኩሱን ሰምቶ እስኪነሣ እኛ አንድ እርምጃ ቀድመናል። ሌላ ከተማ ስንሄድ ደግሞ ቀጭታ የለም። ቀጭታ እየጠበቅን እንንበረከካለን፤ ጎረቤታችን ሲሮጥ አይተን ነው የምንነሣው። የአገር ቤቱ ትርፍና የውጭው ኪሣራ በመዝገቤ ላይ ለሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተጽፎ ነበር፣ በእኔው በተዋበ እጅ ጽሑፍ።

እሱ ለማንም አዳልቶ አያውቅም። የሯጮቹን ፊት እንኳ አያይም፤ ሲተኩስ የሚያየው ሰማዩን ነው። ያዳላው አለመዛነፉ ነው። ትንሽ ግድ የለሽ፣ ትንሽ ሰካራም፣ አንዳንዴ የሚያስነጥስ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍትሐዊ ዳኛ ይሆን ነበር። ስለ ምግባር ካነበብኩት ሁሉ ይህን የመሰለ ነገር አላጋጠመኝም።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ሚዛን ስመረምር» አለኝ፣ «የራሴን አውራ ጣት ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ነበር።»

የክለቡ ኮሚቴ ሰኞ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ፣ አሠልጣኙ፣ አስጀማሪውና ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ። ሊቀመንበሩ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዋንጫ አለ፣ ዐሥራ ዘጠኙም በየዓመቱ በእኛው ሜዳ በሚደረገው የከተሞች ውድድር የተገኙ። የዘንድሮው ውድድር ልጅቷ ለምርጫ ከምትሄድበት ቅዳሜ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ጋሽ ተዘጋጅ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ድርቡ ይገዛ አለ። ልጆቹ ከዛሬ ጀምረው ቀጭ በማይል ሽጉጥ ይለማመዱ፣ አለዚያ ወደ ሰው አገር የሚሄዱት ለመንበርከክ ነው።

ሊቀመንበሩ ዋንጫዎቹን አየ።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አለ በመጨረሻ። «እንግዳው የራሱን ቀጭታ ይዞ ይምጣ እንጂ።»

አሠልጣኙ ለዘብ ያለ ሰው ነው፤ ሁሉም ደስ እንዲለው ይወዳል። ድርቡ ይገዛ፣ ግን ጋሽ ተዘጋጅ ከመተኮሱ በፊት በአፉ ቀጭ ይበል አለ። ይህን በቁም ነገር ተወያየንበት። በአፍ የሚባል ቀጭታ ከሩቅ ይሰማል ወይ፣ በድምፅ ማጉያ ቢሆንስ ተባለ። እኔ ደግሞ ነጠላውን አስቀድሞ ወጥሮ ቢይዘውስ ብዬ ጠየቅሁ። የተወጠረ ሽጉጥ ይዤ ልጆች ፊት አልቆምም አለኝ፤ አስተያየቱ ያሳፍር ነበር።

ያወጣን ሊቀመንበሩ ነው። ከሽጉጦቹ ጋር የመጣውን ወረቀት ሲያነብ ቆይቶ ፊቱ በራ። የድርቡ መዶሻ ለካ በእጅም ይወጠራል፤ የፈለገ እንደ ነጠላው በአውራ ጣቱ ወጥሮ ሊተኩስበት ይችላል፣ ያልፈለገ ምላጩን ብቻ ይስባል። ሁለቱንም ያደርጋል። ድርቡ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። እኔ በቃለ ጉባኤው «አጠቃቀሙ ለአስጀማሪው ኅሊና ተትቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ አነበበው፣ «ኅሊና» የሚለውን ሰርዞ «አውራ ጣት» ብሎ ጻፈበትና ፈረመ።

ከዚያ ሽጉጡን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ልጆቹ ከውድድሩ በፊት የለመዱትን እንዳይረሱ ነው። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ለጋሽ ተዘጋጅ ቀስ ብሎ ነገረው። ዋንጫው ከሄደ አስጀማሪም ይቀየራል። የሚተኩስ ሰው አይጠፋም።

እንዲህ ሆኖ ምርጫው ከሽጉጥ ወደ ጣት ተዛወረ።

ጋሽ ተዘጋጅ የቀጭታውን ነገር ለልጆቹ ሁሉ እኩል ነገራቸው፤ ለአንዷ ነግሮ ለሌሎቹ መደበቅ አልሆነለትም። ቃል ግን ለጡንቻ አይደርስም። ቤት ውስጥ ባለቤቱ የድስት ክዳን እየመታች ልጅቷን ልታለማምዳት ሞከረች። ልጅቷ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ተንበርክካ ወገቧን አነሣች፤ ክዳኑ ተመታ፤ ልጅቷ ቀረች። ተመታ፤ ቀረች። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰችና መቀሷን አንሥታ ክር ስትቆርጥ ቀጭ አለ። ልጅቷ ተፈናጥራ በሩን አልፋ ግቢው ውስጥ ተገኘች።

ተመልሳ ስትገባ እያለቀሰች ነበር። «እኔ እኮ ደካማ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠላ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ለውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጋሽ ተዘጋጅ ባለቤቱ ከምትሰፋበት መኪና አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አውራ ጣቴን አላምነውም» አላት።

«ምን አደረገህ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ለምዷል። እኔ አልወጥርም ብል እሱ ይወጥራል።»

ሚስት ብዙ ትታገሣለች። ሜትሯን አወጣች፣ እጁን ለካች፣ ከኮት ከተረፈ ጥቁር ጨርቅ ጓንቲ ቆረጠች። የአውራ ጣቱን ከመሐል ጣቱ ጋር አጥብቃ ሰፋቻቸው። አመልካች ጣቱ ነፃ ነው፤ አውራ ጣቱ የሽጉጡን እጀታ አቅፎ ይታሰራል። ግራ እጅህስ ብላ ጠየቀችው።

«ግራው የራሱ ፍላጎት የለውም» አላት።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። መጀመሪያ የሴቶች መቶ ሜትር ነበር። አራት የእኛ፣ አራት እንግዶች። የእህቱ ልጅ በሦስተኛው መስመር። ሊቀመንበሩ ከክብር ወንበሩ ሆኖ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ አሳየው፤ ሕዝቡ ማበረታቻ መስሎት አጨበጨበ። ጋሽ ተዘጋጅ ጓንቲውን አጥልቆ ወጣ። በየቦታችሁ። ተዘጋጅ። እኔ ጭስ የሚወጣበትን ቦታ ማየት ሲገባኝ ዓይኔ ጓንቲው ላይ ቀረ። ጨርቁ ሲወጠር አየሁ። አውራ ጣቱ ከውስጥ ሆኖ ገፋ፣ ስፌቱ ተነፋ፣ አንድ ጊዜ፣ እንደገና፣ በከረጢት እንደ ታሰረ ድመት። ስፌቱ ያዘ። አመልካች ጣቱ በረጅሙ ሳበ።

ጧ።

አራቱ እንግዶች ሄዱ። አራቱ የእኛዎቹ ተንበርክከው ቀሩ፤ እንግዶቹን አይተው ሲነሡ ነገሩ አልቆ ነበር። ልጅቷ ስድስተኛ ወጣች። በወንዶቹም ያው ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የታጠቅነው በአንድ ከሰዓት ተፈታ። ከጎል ጀርባ ያሉት ጎረምሶች «ጋሽ ተዘጋጅ፣ ተዘጋጅተናል፣ ተኩስ» እያሉ ይዘፍኑበት ጀመር፣ ከተኮሰም በኋላ። በአራተኛው ሩጫ ሊቀመንበሩ ራሱ ወርዶ መጣ።

«አውራ ጣትህ ምን ሆነ?»

«ታሟል።»

«ምን ነካው?»

«መርፌ።»

የእንግዶቹ አሠልጣኝ ሲያሸንፍ ከርሞ ሳይሆን ሲሸነፍ የኖረ ሰው ነበርና፣ ከአምስተኛው ሩጫ በኋላ በጽሑፍ አቤቱታ አቀረበ። የእኛ ሯጮች ሆን ብለው እየተሸነፉ ነው፣ አንድ የሸረቡት ተንኮል ሳይኖር አይቀርም ይላል። አቤቱታውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዋንጫውን ሲወስድም እንደተጠራጠረ ነበር፤ ገልብጦ ውስጡን አየው።

የስንብት ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ደረሰ፣ ከምስጋና ጋር። በቦታው የአሠልጣኙ አማች ተሾመ። ደስተኛ ሰው ነው፣ ቀልቡ የትም ነው። ነጠላው ሽጉጥ ለነጋዴው ተመልሷልና ድርቡን ይዞ ወጣ። መወጠር የሚባል ነገር አያውቅም። አንዳንዴ ተዘጋጅ ካለ በኋላ ከሚያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴ ተዘጋጅ ሳይል ይተኩሳል። መቼ እንደሚተኩስ እሱም፣ ሯጮቹም፣ ፈጣሪም የሚያውቁ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ዳኛ ሜዳችን አይቶ አያውቅም። ልጅቷ በእሱ እጅ አምስት ቀን ተለማመደች። ሁልጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚያያት አጎቷ፣ «ይኼ ሰው ግሩም ነው» ይለኝ ነበር፣ ያለ ምንም ምፀት።

በምርጫው ዕለት አራት ሆነን በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድን። ስታዲየሙ ትልቅ ነው፤ እኛ ከላይ ተቀመጥን፣ እሱ በመሐላችን። ዕድሜውን ሙሉ ሩጫን ከመነሻው መስመር እንጂ ከተመልካች ወንበር አይቶ አያውቅም። ልጅቷ በአምስተኛው መስመር ተንበረከከች። አስጀማሪዋ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ናት። ተዘጋጅ ስትል፣ የጋሽ ተዘጋጅ ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቱ ለብቻው ተነሣና የሌለ መዶሻ ወደ ኋላ ሳበ። አየሁት። አንድ ሰከንድ ተኩል አልሞላም። ተኩሱ ቀደመው።

ልጅቷ ከሰባቱ ጋር ተነሣች። አልቀደመችም፣ አልዘገየችም።

«ሰማች» አለ። ብድግ ብሎ ኮቱን መልበስ ጀመረ።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ሩጫው አላለቀም» ብላ ባለቤቱ የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

«የእኔው አልቋል» አላት፣ አንዱን እጅጌ እንደለበሰ።

እውነትም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር ሩጫው ሲያልቅ። ሁለተኛ ወጣች፣ በደረት ስፋት። ስሟ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ ባለቤቱ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ። እሱ ግን ሁለተኛውን እጅጌ ፍለጋ ላይ ነበር።

በከሰዓቱ አውቶቡስ ተመለስን። ልጅቷ ከፊታችን ባለው ወንበር ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች። መንገዱ ረጅም ነው። ባለቤቱ ከቦርሳዋ ጥቁሩን ጓንቲ አወጣችና እያገላበጠች አየችው።

«ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ለክረምት ይሆንሃል። ጣቱን ልፍታው?»

ጋሽ ተዘጋጅ አሰበ። አንድ ድልድይ አለፍን፣ አንድ ሰፈር አለፍን፤ እሱ ያስባል። እሷም የአራት ዓመቱን ታስታውሳለችና አልጠበቀችም። ትንሿን መቀስ አወጣች፣ በአውራ ጣትና በመሐል ጣት መካከል ያለውን ክር ፈለገችና ቆረጠችው።

ቀጭ አለ።

ሦስታችንም ቀና ብለን ወደ ፊተኛው ወንበር አየን። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።